የይርገዱ ቁስልና ሁለቱ ክረምት

ፎገራ ላይ ሩዝ የሚያርም ሰው እግሩ ከውሃ አይወጣም። ይርገዱም የቆሰለችው ውሃ ውስጥ ቆማ ነው። ልጇ መስከረም የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ማሳው ውስጥ የተቀበረ የመቃ ስባሪ የእናትየዋን ቁርጭምጭሚት ቧጨረው። ጭረት ብቻ ነበር። በማግስቱም አረመች፣ በሳልስቱም። በወሩ የሳንቲም ያህል ሆነ፤ በዓመቱ የመዳፍ ያህል።

ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ቆየ። ማር ተቀባች፣ ጠበል ተጠመቀች፤ ወረታ ጤና ጣቢያ ሦስት ነርሶች እስኪቀያየሩ ድረስ ቁስሏን አጠቡላት። በመሐሉ ባሏ ሞተ። ቅዳሴ ከቅጥር ውጭ ቆማ ትሰማለች። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ሽታው ሰው ዘንድ እንዳይደርስ ነፋሱን አይታ ትቀመጣለች። ማንም ክፉ አልተናገራትም። ሰው በነጠላው አፍንጫውን ሲሸፍን ግን ታያለች።

ባሕር ዳር አንድ ሆስፒታል አዲስ ሕክምና እየሞከረ መሆኑን የነገረቻት ሦስተኛዋ ነርስ ናት። በሰኔ ሄደች። ሐኪሙ ዶክተር አዛናው ልጇ የሚሆን ወጣት ነው።

«ከጭንዎ ላይ ቴምብር የምታህል ቆዳ በስሱ እናነሣለን» አላት። «ከእሷ ሕዋሶቹን በመድኃኒት እንለያለን። ሕዋስ ማለት ሰውነታችን የተሠራበት፣ በዐይን የማይታይ ደቃቅ ነገር ነው። እነሱን ቁስሉ ላይ እናፈሳቸዋለን። ከያዙ ይባዙና ቆዳ ይሆናሉ።»

«የራሴው ቆዳ ከሆነ እስከ ዛሬ ምን ይሠራ ነበር?»

«ቁስሉ ዳር ያለው ደክሟል፣ እናቴ። ያልደከመውን ከሌላ ቦታ ማምጣት ነው። ላይዝም ይችላል፤ አልዋሽዎትም።»

ከነገራት ሁሉ «ደክሟል» ያለው ቶሎ ገባት።

ሥራው በአንድ ቀን አለቀ። እግሯን በፋሻ ጠቅልሎ፣ ሦስት ወር ውሃ እንዳይነካው፣ ብዙም እንዳትቆም ነግሮ ሰደዳት። ሁለት ሳምንት ቻለች። ሐምሌ ላይ አረሙ ሩዙን ዋጠው። መስከረም ብቻዋን ጎንበስ ብላ ስትለፋ እያዩ መቀመጥ አልሆነላትም፤ ገባች። በሦስተኛው ቀን ፋሻው ሸተተ። ባሕር ዳር ሄዳ ሲፈታ፣ ማቆጥቆጥ የጀመረው ስስ ቆዳ ከፋሻው ጋር ተላጠ።

«አርሜ ነው» አለችው ለሐኪሙ፣ ሳይጠይቃት።

አዛናው ቁስሉን አጥቦ በአዲስ ፋሻ ጠቀለለው። «አንድ ጊዜ እንደግመዋለን» አለ በመጨረሻ። «ያን ጊዜም ውሃ ከገቡ ግን እኔም ልረዳዎት አልችልም።»

ቁስሉ እስኪረጋ፣ ተራዋም እስኪደርስ ዓመት ሞላ።

ሩዟን ሁልጊዜ የምትገዛት ራህመት የምትባል የወረታ ነጋዴ አለች። ነገሩን ስትሰማ፣ «ማሳሽ አጠገብ ሆነሽማ አትችይም» አለቻት። «ጎርፉም ደጃፍሽ ድረስ ነው የሚመጣ። ጓሮ ያለችው ክፍሌ ባዶ ናት፤ እዚያ ተቀመጪ።»

«ምን ሆኜ ነው የምቀመጥ?»

«ታመሽ ነዋ።»

ይህን ሁሉ ዓመት እንዲህ ያላት ሰው አልነበረም። ማሳውን ለባሏ ወንድም ለአንለይ ምርቱን በእኩል ሊካፈሉ ሰጠች፤ በሰኔ ሕክምናው ሲደገምላት ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ራህመት ጓሮ ገባች።

ያ ክረምት ረዘመባት። እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ የባጃጅና የከባድ መኪና ጩኸት ስትሰማ ትውላለች። ሥራ መፍታት ከአረም በላይ አደከማት። መስከረም በገበያ ቀን እየመጣች ውሃው የት እንደደረሰ ትነግራታለች። አንድ ቀን፣ «ከታች ያለውን ማሳ ጎርፉ ወሰደው» አለቻት። ይርገዱ ከበርጩማው እግሯን አወረደች። ልጅቷ እግሯን አንሥታ በርጩማው ላይ መለሰችላት።

መስከረም ወር ላይ ቁስሉ ገጠመ። ቆዳው ስስና ፈዛዛ ነው፤ አንድ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል እየተከፈተ ይዘጋል። አዛናው ጎንበስ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። ላስቲክ ፋሻ ሁልጊዜ እንድታስር፣ የሩዝ ውሃ ዳግመኛ እንዳትገባ አዘዛት። ማሳው አንለይ ዘንድ ይቀራል ማለት ነው።

ጎረቤት «እንኳን ማረሽ» ሲላት «ተመስገን» ትላለች። ደስታው ግን እንዳሰበችው አልመጣላትም።

«አሁንማ ቤቴ ልግባ» አለቻት ራህመትን።

«መቼ?»

ይርገዱ አልጋውን አየች። «ሳምንት ልቆይ መሰለኝ። እንቅልፍ አልጠገብሁም።»

ራህመት በሩን ገርበብ አድርጋላት ወደ ሱቋ ተመለሰች።