ጭቃውን ያጠብኩ ጊዜ

የአባቴ የውሃ ሞተር ክንፉ የተሰበረው ሽንኩርቱ ከችግኝ መደብ ወደ ማሳ በተዛወረ በአስራ አንደኛው ቀን ነው። ክንፍ የምለው ሞተሩ ውስጥ እየተሽከረከረ ውሃውን ከጉድጓድ ገፍቶ የሚያወጣውን የነሐስ ቁራጭ ነው፤ ስፋቱ ከሻይ ማስቀመጫ ሳህን አይበልጥም። ማሳችን ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በበጋ በዚያ ቆላ ውሃ ያላገኘ ሽንኩርት ሳምንት ከቆየ ብዙ ቆየ። መለዋወጫ ፍለጋ ቆቦንም አላማጣንም ዞርን፤ ሞተሩ አሮጌ ስለሆነ የለም አሉን። አባቴ በአህያ ውሃ እያመላለሰ በቀን ሁለት ትልም ማጠጣት ጀመረ። ትልሙ በጠቅላላ ሃያ ስድስት ነበር።

ቆቦ ውስጥ ነሐስ የሚያቀልጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉን። የተሰበረውን ክንፍ ገጣጥመው፣ ቅርጹን በእርጥብ አሸዋ አትመው፣ አዲስ ሊያፈሱልን ፈቀዱ። የጎደላቸው ማቅለጫ ነው፤ ነሐሱ እሳት መሀል ተቀምጦ የሚቀልጥበት የሸክላ ጽዋ። የእሳቸው በቅርቡ ተሰንጥቆባቸዋል፤ የጣሳ ብረት ደግሞ ያንን ሙቀት አይችልም።

"አብሽር!" አሉት አባቴን፣ በአገጫቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ። "መሐንዲስህ እያለልህ! ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲያሻሽ የሚውለው ለመቼ ሊሆን ነው?"

ማሾፋቸው ነው፤ ግን ነገሩ እውነት ነበር። ከአስረኛ ክፍል ወዲህ ያስተማረኝ ሰው የለም። ስለ ሸክላና ስለ እሳት ከስልኬ የማነበውን እደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ጓሮ እሞክራለሁ። እሳት የሚችል ጡብ ሠርቼ ለአንድ ዳቦ ቤት ምድጃ ሰጥቼም አውቃለሁ። ማቅለጫ ግን ሠርቼ አላውቅም።

ጭቃውን ያገኘሁት ከአክስቴ ነው። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ከጎብዬ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ሸክላ ትሠራለች። ራሷ ያቦካችውን ጭቃ በማዳበሪያ ጠቅልላ በባጃጅ ላከችልኝ። ስከፍተው በጣቴ መካከል ኮረኮረኝ፤ የተወቀጠ ገል ሞልቶበታል። ገል የተሰበረ ሸክላ ስብርባሪ ነው። ዓይኗ ደክሞ ሳታየው የቀረ ቆሻሻ መሰለኝ፤ አዘንኩላትም። ጭቃውን በባልዲ ውሃ በጠበጥኩት፣ በእናቴ ሻሽ አጠለልኩት፣ ሻሹ ላይ የቀረውን ገል ከአጥሩ ጀርባ ደፋሁት። የጠለለው ረግቶ እንደ ቅቤ ሆነ። ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣውን ጥቁር ዘንግ ፈጭቼ ጨመርኩበት፤ እሳት እንዲችል ያግዘዋል። የሠራሁት ማቅለጫ እንደ እንቁላል የለሰለሰ ነበር። አራት ቀን ጥላ ውስጥ አደረቅኩት።

ሽማግሌው ከሰሉ ላይ ደፍተው ቀስ አድርገው ሊያሞቁት ጀመሩ። ገና ሳይቀላ "ጧ!" አለ። ከአፉ እስከ ቂጡ ለሁለት ተሰነጠቀ።

"መሐንዲስ፣ ይሄ ማቅለጫ ነው ፈንዲሻ?" አሉ። ቀጥለው ግን ፊቴን አዩና ስብርባሪው ሲበርድ ጠቅልለው ሰጡኝ።

ለአባቴ ልነግረው ማሳው ድረስ ሄድኩ። ስምንት ትልም ደርቆበታል፤ አህያዋን እያጠጣ ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ "አክስትህን ጠይቃት" አለኝ።

አክስቴ በር ላይ ተቀምጣ የጋን አንገት እያለሰለሰች አገኘኋት። ስብርባሪውን ወሰደች፣ የተሰነጠቀበትን ጠርዝ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች።

"ገሉስ?"

"አጠብኩት፣ እትዬ። ቆሻሻ መስሎኝ…"

"አጠብከው!" እጇን ከነጭቃው ጉልበቷ ላይ መታችው። "አያ ንጹሕ! አጥንቱን አውጥተህ ስጋውን ብቻ እሳት ውስጥ ትከታለህ? ምን ይዞት ይቁም? ያ ስልክህ ይህን አልነገረህም?"

ነግሮኝ ነበር። አንድ ጊዜ የተተኮሰ ሸክላ ተፈጭቶ ሲገባበት አዲሱ ጭቃ ሲደርቅ ያን ያህል አይኮማተርም፣ ስንጥቅም መንገድ ያጣል። ደብተሬ ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። ከእሷ ማዳበሪያ ውስጥ ሳገኘው ግን አላወቅኩትም።

"ለነሐስ ደግሞ" አለች እየተነሳች፣ "የማንም ገል አይሆንም። ብዙ ዘመን እሳት ላይ የኖረ ነው የምንወቅጠው። እናቴም እንዲያ ነበር የምታደርገው።"

ከቤት የወጥ ድስቷን ይዛ መጣች። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ቂጡ ከሰል የመሰለ ድስት ነው። በጣቷ አንጓ ኳ አደረገችው፤ እንደ ደወል ጮኸ።

"እትዬ፣ ተይ፣ ሌላ እንፈልግ።"

"ወንድሜ ሽንኩርት ካጣ ምን ልሠራበት ኖሯል?" አለችና በሙቀጫው ዘነዘና መታችው።

ቁጭ ብዬ ወቀጥኩ። ወንፊቱን እሷ ያዘች፤ የላመውን ወደ አንድ ጎን፣ የጤፍ ፍሬ የሚያህለውን ወደ ሌላ ጎን። ከሁለቱም እየዘገነች ሦስት እፍኝ ጭቃ ላይ ሁለት እፍኝ ገል አደረገች። እኔ እፍኟን በጣሳ ለክቼ ጻፍኩ፤ እሷ ሳቀችብኝ። ማቅለጫው ኮረኮንች የመሰለ፣ የማያምር ሆኖ ወጣ። ገሉ ስለበዛበት ግን ቶሎ ደረቀ፤ በሦስተኛው ቀን በኩበትና በእንጨት ተኮሰችው።

ሽማግሌው ደፍተው አሞቁት፣ ገልብጠው ነሐሱን ጨመሩበት። "ነጩን ጭስ እንዳትስበው፣ በነፋሱ በኩል ቁም" አሉኝ። ቆምኩ። ማቅለጫው እንደ በርበሬ ቀላ፣ ከዚያም ብርቱካን መሰለ። ጆሮዬ ያንን "ጧ!" ሲጠብቅ ነበር። አልመጣም። በመቆንጠጫ አንስተው ነሐሱን አሸዋው ውስጥ አፈሰሱት፤ "ማሻአላህ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ያን ቀን መሐንዲስ አላሉኝም።

በማግስቱ ሞተሩ አዲሱ ክንፍ ተገጥሞለት ሁለቴ አስሎ ውሃውን ተፋው። አባቴ በባዶ እግሩ ትልሙ ውስጥ ገብቶ ቆመ። አስራ አምስት ትልም ተረፈ። ሲመሽ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "እህቴ አሁን በምን ትሠራለች?"

ሽንኩርቱ ሲነቀል በራሴ እጅ የሠራሁትን ድስት ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት ጋር ወሰድኩላት። በአንጓዋ ኳ አደረገችው፤ ጆሮዋን አስጠጋች፤ ደገመችው።

"ድምፁን ትንሽ ያፍነዋል" አለች። "አፉም ወደ ግራ ዘሟል።"

ከዚያ ምድጃው ላይ ጣደችውና ቢላዋ አቀበለችኝ። "ክተፍ። ደግሞ ሽንኩርቱን ከመጠን በላይ እንዳታጥበው።"