ጅቡንና አባቴን አንድ ላይ ያየሁ ቀን

ባለፈው ሰመራ ላይ ሥራ ፍለጋ ስዞር፣ አንድ ጋራዥ በር ላይ የተቃጠለ ኤሌክትሮድ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ ቆምኩ። ሽታው ደስ አይልም፣ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ግን የአባቴ ሸሚዝ ሽታ ነው። አዋሽ እያለን ከሥራ ሲመጣ አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ የምምገው እሱን ነበር።

አባቴ በያጅ ነው። ያኔ ከተማው ዳር፣ መኪና መንገዱ ላይ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ የጅቡቲ ተሳቢዎችን ስብርባሪ ይበይድ ነበር። የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነበር፤ ከጎናችን ለሸንኮራ ሥራ ከደጋ ከባላቸው ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ እትዬ ዘነቡ ነበሩ። ወባ ሲይዘኝና እናቴ ገበያ ስትሆን፣ ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረጉ፣ እየተቆጡ ሾርባ የሚያጠጡኝ እሳቸው ነበሩ። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የማወራው ነገር ክፉ ሰው እንዳያስመስላቸው ብዬ ነው። ክፉ አልነበሩም። ግራ የገባኝም ለዚሁ ነው።

በዚያ በጋ ጅብ አስቸገረ። ከከተማው ጀርባ ካለው የአዋሽ ወንዝ ገደል ሥር እየወጣ፣ ከግቢያችን ጀርባ የምትኖረውን የአፋሯን የሐሊማን ፍየሎች እየመረጠ ይወስድ ነበር። አንድ ጠዋት ሐሊማ አባቴ ሥራ ቦታ መጥታ ቆመች።

«መኩሪያ፣ አንተ ብረት ታውቃለህ። ወላሂ ይሄ ጅብ ጨረሰኝ፤ የወተቷን ፍየል ከወሰደ ልጆቼ ምን ይጠጣሉ? ያዝልኝ።»

«እኔ እኮ የማውቀው መኪና ነው» አላት።

«ጅብ ከመኪና አይከብድም» አለችው።

አባቴ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ብረት ወጥመድ ሠራ። ወጥመዱ አላስቸገረውም፤ ያስቸገረው መሬቱ ነው። ገደሉ አፍ ላይ ያለው መሬት ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ በድንጋዩ መሀል ደግሞ እንደ ዱቄት የላላ አመድማ አፈር ነው፤ ድንጋዩ ካስማ አያስገባም፣ አፈሩ ያስገባል ግን አይዝም። እሱም ወፍራም ፌሮ አሹሎ፣ አፈሩ ውስጥ በመዶሻ መትቶ፣ የወጥመዱን ሰንሰለት አሰረበት። በማግስቱ ወጥመዱም ፌሮውም አልነበሩም፤ የተጎተተ መስመር ብቻ ወደ ገደሉ ይወርድ ነበር። አባቴ ወርዶ ወጥመዱን ቁጥቋጦ ውስጥ አገኘው፤ ጥርሱ ላይ ፀጉር እንጂ ጅብ አልነበረበትም። ሊያወጣው ሲታገል ድንጋይ ተንከባሎ እግሩን መታው። ይሄን እኔ አላየሁም። እኔ ያየሁት እያነከሰ ግቢ ሲገባ ነው።

እትዬ ዘነቡ ልብስ እያሰጡ ነበር። እግሩን አዩና ለባላቸው ቀስ ብለው «ጅቡ በየትኛው እግሩ ነው የተያዘው አሉ?» አሉ። ባላቸው «ዝም በይ አንቺ» አሉ፤ ግን እሳቸውም እግሩን አዩ።

ብረት የሚሠራ ሰው ቡዳ ነው፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል የሚባለውን ነገር ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳኝም፤ ጠጠር ስንጫወት የግቢው ልጆች ናቸው የነገሩኝ።

«አባትሽ ሲመሽ የት ይሄዳል?»

«ይተኛል።»

«ሲተኛ አይተሽዋል?»

አይቼው አላውቅም ነበር፤ ሁሌ ቀድሜ የምተኛው እኔ ነበርኩ። ቤት ገብቼ «እማ፣ አባ ጅብ ነው?» ብዬ ስጠይቃት፣ ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላዋ አስቀምጣ «ማነው ያለሽ?» ብላ ጮኸችብኝ። አይደለም ግን አላለችኝም። ልጅ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ይይዛል።

በልጉ ዝናብ ጠብ ብሎ ሄደ፣ ወሬው ግን አልሄደም። ጅቡም ተመልሶ መጣ። አከራያችን ለእናቴ «ሰው እየፈራ ነው፤ ባልሽ ያንን አውሬ ይያዘውና ይለይለት፣ አለዚያ ቤት ፈልጉ» አሏት። ስለዚህ ጅቡ ካልተያዘ ቤት ልንለቅ ነው። ከተያዘ ደግሞ፣ በእኔ ሂሳብ፣ የሚያዘው አባቴ ነው።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ አባቴ ወደ ገደሉ አፍ ይዞኝ ሄደ። በዚህኛው ጊዜ ካስማ አላመጣም። ከጋራዥ የተጣለ ጎማ የሌለው የከባድ መኪና ቸርኬ አንከባሎ አመጣ፤ በድንጋዮቹ መሀል እስከ ደረቱ የሚደርስ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ቸርኬውን ሥሩ አጋድሞ፣ ሰንሰለቱን በቀዳዳው አሳልፎ ካሰረ በኋላ፣ ድንጋይ በድንጋይ እያናከሰ ሞላበትና በጀሪካን ውሃ እያፈሰሰ ረገጠው። ያ አፈር ውሃ ጠጥቶ ሲደርቅ ሲሚንቶ ነው የሚሆነው። ሰንሰለቱንም አሳጠረው፤ «ረጅም ከሆነ ተንደርድሮ ይበጥሰዋል» አለኝ።

«አባ፣ ከያዘስ?»

«ከያዘማ ጥሩ ነዋ። ምን ነካሽ አንቺ?»

ሰንሰለቱን በሁለት እጄ ይዤ ጎተትኩት፤ ንቅንቅ አላለም። እንዲነቀል ይሁን እንዳይነቀል የፈለግኩት፣ እስካሁን አላውቅም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ገና ሲነጋጋ የሐሊማ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መጀመሪያ ያየሁት የአባቴን አልጋ ነው፤ ባዶ ነበር። እናቴ ስትጠራኝ ሳልሰማ፣ ጫማ ሳላደርግ በዚያ ድንጋይ ላይ ሮጥኩ።

ጅቡ ቆሟል። ሰንሰለቱ ተወጥሯል፣ አፈሩ ግን አልተሰነጠቀም። አባቴ ደግሞ ከእሱ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ቆሟል። አንዴ ጅቡን፣ አንዴ አባቴን አየሁ። ሁለት ናቸው። ጉልበቱ ላይ ተጠምጥሜ አልለቅ ስል «ታስሯል እኮ፣ አይነካሽም» እያለ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ፤ ጅቡን የፈራሁ መስሎት ነበር።

የሐሊማ ወንድም ጅቡን በጥይት ገደለው። ሐሊማ «አላህ እጅህን ይባርክ መኩሪያ» አለችው። የግቢው ሰው በሙሉ መጥቶ ነበር፤ እኔም በቃ፣ አሁን ሁሉም አየ፣ አለቀ ብዬ ነበር። እትዬ ዘነቡ ጠጋ አሉና «እስኪ ጆሮውን እዩት፣ ሎቲ አለው?» አሉ። ሰው የነበረ ጅብ ሎቲው ጆሮው ላይ ይቀራል ይባላል። ታየ፤ የለውም። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ አጠገባቸው ላለችው ሴት «አየሽ፣ የገዛ ዘመዱን አስያዘ» አሏት።

አባቴ ሰምቷል። ጎንበስ ብሎ ወጥመዱን ከጅቡ እግር መፍታቱን ቀጠለ።

አከራያችንም ሐሳባቸውን አልቀየሩም። መስከረም ሲጠባ ወደ ሰመራ ሄድን። ዕቃ ሲጫን እትዬ ዘነቡ አቅፈውኝ ከልባቸው አለቀሱ፤ እያለቀሱም በጨርቅ የተቋጠረ ነጭ ሽንኩርት ቀሚሴ ኪስ ከተቱልኝና «ከሰውነትሽ እንዳይለይ፤ ማታ ማታ በተለይ» አሉኝ። ከማን እየጠበቁኝ እንደሆነ የገባኝ ገዋኔን ካለፍን በኋላ፣ አባቴ ትከሻ ላይ ተደግፌ ስነቃ ነው።

አሁን አባቴ ሰመራ ላይ የራሱ ቤት አለው፣ በርና መስኮት ይሠራል፣ ምን እንደሚሠራ ብጠየቅ ሰውን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነው የምመልሰው። ስመረቅ እትዬ ዘነቡ ስልክ ደወሉ። በደስታ አለቀሱ፣ መረቁኝ፣ በመጨረሻም «ልጄ፣ ከሰው ዓይን ተጠንቀቂ» አሉኝ። ከማን ዓይን እትዬ? ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ብጠይቅ እናቴ ትጮህብኝ ነበር፤ አሁን የሚጮህብኝ የለም፣ አፌም ስለታም ነው ይሉኛል። እኔ ግን «እሺ እትዬ፣ ይኑሩልኝ» አልኳቸው፤ ከልቤም ነበር።