የዳይኖሰሮቹ ጨዋታ የመጨረሻ ክፍል

ትናንት ከዚራ በሚባለው ሰፈር ባጃጅ ስጠብቅ ከአንድ ፕሌይስቴሽን ቤት የዳይኖሰር ጩኸት ሰማሁና እማዬ ትዝ አለችኝ።

ልጅ ሳለሁ ከተከታታይ ፊልም የተሠራ፣ ክፍል በክፍል የሚጫወቱት የዳይኖሰር ጌም ነበረን። አንድ አባትና ሴት ልጁ አውሬዎቹ ካሉበት ደሴት ለማምለጥ ይሮጣሉ። እኔና ወንድሜ ኢልያስ በአባቴ ላፕቶፕ የምንጫወተው እማዬ ታማ የተኛችበት አልጋ ጫፍ ላይ ነበር። መኝታ ክፍሉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ ቬንትሌተሩ ሙቀቱን ያገላብጠዋል እንጂ አያበርደውም።

የመጨረሻውን ክፍል ለኢድ ልናቆየው ፈለግን። እማዬ ግን፣ «ዛሬ ተጫወቱት፤ ኢድ ሩቅ ነው» አለች።

«የፊታችን ሳምንት እኮ ነው!» ብዬ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ጨዋታውን ሳንጨርስ እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። የተኛች መስሎን ድምፁን ስንቀንስ፣ «ልጅቷ ወጣች?» አለች።

«ወጣች እማዬ፤ ጀልባ ላይ ናት።»

«አባቷስ? አብሯት አለ?»

«አለ።»

«አልሐምዱሊላህ» ብላ እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች።

ለኢድ አልደረሰችም። ስለ እኔና ስለ አባቴ ስትጠይቅ እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው።

ትናንት ቤት ስገባ አባቴ በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ አጠገቡ ተቀመጥኩ።