አውራ ዶሮ ያስጠጋሁ ሰሞን

ሐሙስ ነበር፤ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። የዛሬ ሁለት ዓመት በነሐሴ የእትዬ ደብሪቱ ጩኸት ከእንቅልፌ ቀሰቀሰኝ። ነገሩን የማልረሳው ጥንቃቄ ታበዛለች እየተባልኩ የምታማ ሰው ስለሆንኩ ነው። በር ዘግቼ ሦስት ጊዜ ካልሳብኩት አልሄድም።

እትዬ ደብሪቱና እኔ የምንኖረው ቀራንዮ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ባሉ ሁለት የቀበሌ ቤቶች ነው። እሳቸው ብቻቸውን ናቸው፤ እኔም ብቻዬን። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ። ማታ ማታ ደግሞ በቀበሌው የመሠረተ ትምህርት ክፍል ፊደል አስቆጥራለሁ፤ እሳቸውም ተማሪዬ ናቸው።

ስወጣ እትዬ ሸለምጥማጥ በዱላ አባረው፣ አውራ ዶሯቸውን ታቅፈው ጭቃው ላይ ቆመዋል። ሴቶቹ ዶሮዎች ጣሪያ ላይ ወጥተዋል። አውራው ግን ሊጋፈጥ ቆሞ ኖሮ አንገቱ ሥር ተነክሷል፤ አንድ ክንፉም ተንጠልጥሏል። የዶሮ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ክው አልኩ። ማታ ከትምህርት ስንመለስ ዝናቡ ሊጀምር ሲል «እስቲ ዶሮዎቹን ዝጊልኝ» ብለውኝ ነበር። በሩን ገጠም አድርጌ ሮጥኩ። መቀርቀሪያውን ግን አልነካሁትም። ይህንኑ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ቃል «እኔ ላክመው» የሚል ነበር።

«ለእንቁጣጣሽ ነበር ያሰብኩት» አሉ እትዬ። «አሁን አውሬ የቀመሰውን ማን ይበላል? ካልጮኸ ደግሞ ምን ያደርግልኛል?»

እውነታቸውን ነው። ሰዓት የላቸውም። በዶሮው ጩኸት ተነስተው ነው ቀበሌ ሱቅ ለስኳር የሚሰለፉት። ዘግይቶ የሄደ ባዶ ዘንቢል ይዞ ይመለሳል።

«እስከሚመጣው ሐሙስ እጠብቀዋለሁ። ካልጮኸ እጥለዋለሁ። እስከዚያ አንቺ ቀስቅሺኝ» ብለው ቁርጡን ነገሩኝ።

ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውሃ አጠብኩ። አየር ጤና ካለ መድኃኒት ቤት ሐምራዊውን የቁስል መድኃኒት ገዝቼ ቀባሁት። ክንፉን በጨርቅ አስሬ፣ ካርቶን ውስጥ አስተኝቼ አልጋዬ አጠገብ አስቀመጥኩት። መድኃኒቱ በዝቶ ኖሮ ከአንገቱ እስከ ደረቱ ሐምራዊ ሆነ።

በማግስቱ ጋራዥ የሚሠሩት ጎረቤታችን ጋሽ ታደለ ሊያዩት መጡ። አጎንብሰው ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«ይሄ ታክሞ ነው ወይስ ተነክሮ?»

«ተዋት ታደለ» አሉ እትዬ። «ቤቷ የገባ የመጀመሪያው ወንድ ነው። አስጊጣው ነው።»

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። መለስ ስል ዶሮው ራሱ በአንድ ዓይኑ ያየኛል።

በየንጋቱ ባለ ደወል ሰዓቴ ሲቀሰቅሰኝ ሄጄ የእትዬን በር አንኳኳለሁ። «እትዬ... እትዬ...» እላለሁ ቀስ ብዬ።

«ዶሮዬ እንዲህ አይንሾካሾክም ነበር» ይሉኛል ከውስጥ። «ጮክ በይ።»

እሑድ ከእጄ የበቆሎ ክክ በላ። ማክሰኞ በእግሩ ቆመ። ድምፅ ግን የለም። ረቡዕ ማታ ትምህርት ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ እትዬ «ለኛ ይህን ሁሉ ፊደል ያስቆጠርሽ፣ አንድ ዶሮ አፍ ማስፈታት አቃተሽ?» አሉኝ። ተማሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ቀኑ ነገ ነበር።

ሐሙስ ንጋት ላይ ሰዓቴ ሳይደውል ከካርቶኑ ውስጥ የዛገ ማጠፊያ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ዝም አለ። ከዚያ እንደገና ሞከረና ሙሉውን ጮኸ። ነጠላዬን ሳልለብስ ወጣሁ። እትዬ ዘንቢላቸውን ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«በሩን ያልቀረቀርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው፤ እንዴት አደሩ እንኳ ሳልል።

«አውቃለሁ» አሉ። «የዚያን ዕለት በሩ ላይ የጣትሽ ጠመኔ ነበር። መቀርቀሪያው ላይ ግን አልነበረም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ብናገርሽ ቤትሽ ገብተሽ ትዘጊ ነበር። በዚህ ሳምንት ግን በሬን ስንቴ አንኳኳሽ?»

ዶሮው ዛሬም አለ። አውሬ የቀመሰው ስለሆነ ሁለት እንቁጣጣሽ በሰላም አለፈው። አንገቱ ሥር ላባ አልበቀለም፤ በዚያ በኩል ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። የሚያሳፍረኝ ግን መቀርቀሪያው አይደለም፤ ሳልናገር የከረምኩበት ሳምንት ነው።

በዚያ ሐሙስ ማግስት፣ ዓርብ፣ ዶሮው ከገዛ ቤቱ ሆኖ በሰዓቱ ጮኸ። እኔም ተነስቼ የእትዬን በር አንኳኳሁ።

«እሱ ነግሮኛል እኮ» አሉ ከውስጥ።

«ዛሬ እርስዎ ይተኙ፣ እኔ እሰለፋለሁ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ። የራሽን ካርዳቸውንና ዘንቢላቸውን በበሩ ስንጥቅ አቀበሉኝ። የዶሮ ቤቱን መቀርቀሪያ ሦስት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጌ ወደ ሰልፉ ሄድኩ።