ለሰርግ የዘፈንኩት ናፍቆት

ዘፈን ከእናቴ ነው የወረስኩት። ደሴ፣ እኛ ሰፈር ሰርግ ካለ ከበሮውን የምትይዘው እሷ ናት፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ እየተቀበልኩ አደግሁ። የናፍቆት ግጥም ለኔ ሽንኩርት እንደ መክተፍ ነው፤ ዓይኔ ቢያለቅስም ልቤ የለበትም።

ኮምቦልቻ አንድ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሬ ስሠራ ዘመዶቼ ለሐርቡ ከተማ ልጅ ዳሩኝ። ኒካሁ ታስሮ፣ ገና በቅጡ ሳንላመድ ሳዑዲ ሄደ። ጥሩ ሰው ነው፣ ክፉ ቃል አልወጣውም። ግን ምን ልበል፣ አልናፈቀኝም። ከፈረቃ ወጥቼ ቤቴ ስገባ ብቻዬን መሆኔ ደስ ይለኝ ነበር። ይኼ እንኳን ለሰው፣ ለራስም አይነገርም።

ታናሽ እህቱ ሐርቡ ስትዳር ግን ጉድ ፈላ። በኛ ዘንድ ባሏ ዓረብ አገር የሄደባት ሴት ሰርግ ላይ ከተገኘች፣ አንድ ግጥም ሳትሰጥ አትታለፍም። «በይ እንጂ፣ አንቺ ካልናፈቅሽ ማን ሊናፍቅ ነው!» እያሉ መሀል አስገቡኝ። እኔም ለምዶብኝ ለቀቅሁት፦

ቤቴን አልዘጋሁም ቀንም ሆነ ማታ፣
የመጣህ እንደሆን ደጅ እንዳትንገላታ።

ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። አማቴ በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «አይዞሽ ልጄ፣ አላህ ያገናኛችኋል» አሉኝ። እኔ እኮ ገና ሳይመሽ በሩን ቆልፌ፣ ወንበር አስደግፌበት የምተኛ ሰው ነኝ። ይባስ ብሎ አንዷ የባሌ ዘመድ በስልኳ ቀድታ ሳዑዲ ድረስ ላከችለት።

እሱም ኮንትራቱ ሳያልቅ ሥራውን ጥሎ መጣ። አማቴ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ «ምራቴ በግጥም ጎትታ አመጣችው» ይላሉ። ሴቶቹ ሲስሙኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፋብሪካም ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ፣ ጓደኞቼ «ዛሬም ቤትሽን እንዳትዘጊ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እስቃለሁ፤ ምን አደርጋለሁ?

እንኳን ደህና መጣህ ባዩ ሄዶ ሲያልቅ ሁለታችን ብቻ ቀረን። ሻይ ቀዳሁለት። ከስቷል፣ ፀሐይ አጥቁሮታል። «እንዲህ የምትጠብቀኝ ሚስት እያለችኝ እዚያ ምን እሠራለሁ ብዬ ነው» አለኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «ለኔ ነበር አይደል የዘፈንሽው?»

«አዎ» አልኩት። አዎ ማለቱ አላቃተኝም።

«እስቲ ወላሂ በይ» አለ፣ እየቀለደ።

ግጥም ውስጥ መዋሸት ለምጃለሁ። የአላህን ስም ጠርቼ ግን በምን አፌ? አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል ፈገግታው ፊቱ ላይ የለም። ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና፣ «ተይው፣ ግድ የለም» አለኝ።