ገብስ መሃል የቆሙት ኮቶች

ደብረ ታቦር ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ስድስት ዓመት ሙሽራ ሳነሣ ኖሬያለሁ። ባለቤቱ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ ወንዱ ካሜራውን ይይ፣ ሴቷ ታቀርቅር። የስንቷን አገጭ በጣቴ ዝቅ እንዳደረግሁ አላውቅም። ፎቶዎቹን ስደረድራቸው ሁሉም አንዲት ሴት ይመስሉኛል፤ ምንም የማትፈልግ፣ ማንንም ተመኝታ የማታውቅ። ባለቤቱ ይህን ጨዋነት ይለዋል። እሱ ራሱ ግን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የሙሽሮቹን ወገብ ሲያቀጥንና ዳሌያቸውን ሲያሰፋ ይውላል።

ከፎቶ ቤቱ አጠገብ የምትሠራ ልብስ ሰፊ ጓደኛ አለችኝ። ባሏን ከፈታች ቆይታለች። የከተማው ወንዶች ኮታቸውን ሊያስጠብቡ፣ ገበር ሊያስቀይሩ እሷ ጋ ይተዋሉ። አንድ ቀን ከቀይ ሳቲን የሰፋችውን ቀሚስ አሳየችኝ። የሚጎተተው ጨርቅ ወለሉን ሞልቶ በሩ ድረስ ደርሷል።

«ለየትኛዋ ሙሽራ ነው?» አልኳት።

«ለራሴ። አንሺኝ።»

«ምን ስትሆኚ?»

«ወንድ ስመርጥ። አጩኝ፣ ዳሩኝ፤ ምን ትወጃለሽ ያለኝ ግን የለም።»

በማግስቱ ጉና ተራራ ሥር ወዳለው የአጎቷ ገብስ ማሳ ሄድን። የብረት አልጋ በበቅሎ አስጭነናል፤ ደንበኞቿ የተዉትን ዘጠኝ ኮት በማዳበሪያ ከረጢት ይዘናል። አጎቷ ኮቶቹን በእንጨት ላይ ስናቆም አይተው፣ «ለወፍ ነው?» አሉ።

«አዎ፣ አጎቴ» አለቻቸው። አመኗት፤ እንጨቱንም ራሳቸው ተከሉልን።

ቀሚሷን ገብሱ ላይ ዘርግታ፣ የላስቲክ ቦቲ ጫማ እንዳደረገች አልጋው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ ኮቶቹን አንድ በአንድ ትዞራቸው ጀመር። የአንዱን እጅጌ ይዛ ሰላም አለችው። የአንዱን ቁልፍ ፈትታ መልሳ ቆለፈች። ግራጫውን አንገቱ ላይ አሽትታ ፊቷን አጨማዳ መሬት ጣለችው። ቡናማውን ግን አቀፈችው፤ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። ማንሣቴን ረሳሁ። «ደግመሽ እቀፊው» አልኳት በኋላ።

ባለቤቱ ባሕር ዳር ሲሄድ ግራጫው የተጣለበትንና ቡናማው የታቀፈበትን ሁለት ፎቶዎች በትልቁ አሳጥቤ የፎቶ ቤቱ የፊት መስታወት ላይ ሰቀልኩ። ወንዶች ተሰበሰቡ። ስለ ሴቲቱ የጠየቀ አንድም የለም፤ ሁሉም የየራሱን ኮት ይፈልጋል። የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ገባና፣ «ኮቴ መሬት ላይ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ተጥሎ ነው።»

ሊቆጣ መስሎኝ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የእኔ ለምን ተጣለ?» አለ። ሚስቱ በር ላይ ትጠብቀዋለች።

እስከ ማታ ሦስት ሰዎች ለብቻ ለብቻ እየመጡ ቡናማው የእነሱ መሆኑን ሹክ አሉኝ። አንደኛውን ቡናማ ለብሶ አይቼው አላውቅም። እንዲህ ያሉትን ነው እንግዲህ ሴት ሁሉ አቀርቅራ የምትፈራው።

ባለቤቱ ተመልሶ ፎቶዎቹን ቀደዳቸው። «የማን ሐሳብ ነው?» ሲለኝ፣ «የእሷ ነው፤ እኔ አንሺ ስባል አነሣሁ» አልኩ። ከወንዶቹ ሁሉ የባሰ የናቅሁት ያን መልሴን ነው።

ሄጄ ነገርኳት። ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። «ሐሳቡ የእኔ ነው፤ አልዋሸሽም» አለች። «ግን ደግመሽ እቀፊው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ያንንስ ለማን ሰጠሽው?»

በሳምንቱ ሥራውን ለቀቅሁ።

አሁን ከልብስ ሰፊዋ ሱቅ ጀርባ ፎቶ የማነሣባት አንዲት ክፍል አለችኝ። የሚመጡት ጥቂት ሴቶች ናቸው፤ በጓሮ በኩል ነው የሚገቡት። በቀደም አንዲት መምህርት ከባሏ ክራባቶች የተሰፋ ጉርድ ለብሳ መጣች።

«አይፈልጋቸውም?» አልኳት።

«ማሰር አይችልበትም፤ የማስርለት እኔ ነኝ» አለች።

ወንበር ላይ ቆማ ስትሽከረከር ክራባቶቹ ዙሪያዋን ተዘረጉ፤ እሷም ስቃ አታውቅ ይመስል ሳቀች። ፎቶዎቹን ግን አልወሰደችም። አንቺ ጋ ይቀመጡ ብላ ጉርዷን በፌስታል ጠቅልላ ሄደች።