አቀንጭራ ካበበ በኋላ

በሬዲዮ ዜና ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ያልገባኝን ነገር አልጽፍም። ያን ሰሞን ግን ያልገባኝን ነገር ለታላቅ እህቴ አስረዳሁ።

እህቴ ቀወት ውስጥ ከባላቸው ጋር ማሽላ እያረሱ ነው የሚኖሩት። ጡታቸው ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር መሆኑን፣ ያውም ቶሎ የሚዛመተው ዓይነት መሆኑን ሸዋሮቢት ያለው ሐኪም ነገረን። ሳይውሉ ሳያድሩ አዲስ አበባ ሄደው ሕክምና እንዲጀምሩም ጻፈልን።

በጉዞው ዋዜማ እሳቸው ማሾ ሲለቅሙ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ስለዚሁ ካንሰር የወጣ የሳይንስ ዜና አነብ ነበር። በካንሰሩ ሕዋሶች ውስጥ የሚበዛ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ሕዋሶቹ ከቦታቸው ተላቀው በደም ወደ ሌላ አካል እንዲሄዱ ያግዛል ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፕሮቲኑን የሚሠራው ሕዋሱ ራሱ ከሆነ፣ ማን ማንን እንደሚያዝ ጠፋኝ።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እንደ አቀንጭራ ነው። ፕሮቲኑ ዘሩን እንደሚበትነው ነፋስ ማለት ነው።»

አቀንጭራ የማሽላን ሥር የሚመጥ አረም ነው። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው።

እጃቸው ቆመ። «አብቧል?»

«ምኑ?»

«የኔው ነዋ!»

«እሱን አላውቅም።»

«እንግዲያው አልሄድም። ያበበ አቀንጭራ ይነቀላል? አንተው አይደለህ በልጅነትህ ነቅለህ እየጎተትክ ዘሩን ለማሳው ሁሉ ያዳረስከው!»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ጥፋቴ ተገርፌበታለሁ።

ባላቸው ከደጅ ሆነው ሰሙ። «ሰው ካልገባው ዝም ይላል! ሬዲዮም ላይ እንዲህ ነው የምታወራው?»

ለሐኪሙ ደወልኩ። የቀዶ ጥገና ቢላዋ ካንሰሩን እንደማይበትነው፣ የሚጎዳቸው መዘግየቱ እንደሆነ ነገረኝ። መጀመሪያ መድኃኒት በደም ሥር ይሰጣቸዋል፣ ዕጢው ሲቀንስ ቀዶ ጥገናው ይከተላል። ስለ ፕሮቲኑ ስጠይቀው ገና በምርምር ላይ ያለ ነገር ነው አለኝ። የሰማሁትን አንድም ሳልጨምር ነገርኳቸው።

እህቴ ማሾውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «መድኃኒቱ ፊት፣ ቢላዋው ኋላ?»

«አዎ።»

«በጆንያ ሸፍነው ነቀሉት በለኛ! ያበበውን እኛስ ዘሩ እንዳይበተን እንዲያ አይደል ከማሳ የምናወጣው? ኢንሻአላህ እሄዳለሁ።»

መድኃኒቱ እንደ ጆንያ እንዳልሆነ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ነው ወይስ አይደለም? መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት መኪናችን የጣርማ በርን ዋሻ ሲያልፍ እህቴ በጨለማው ውስጥ ክንዴን ያዙኝ።

«ነፋሱንስ ማን ያቆመዋል?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«ይኼን ትናንት ብትል ምን ነበረበት? በል፣ ሐኪሞቹን እኔው እጠይቃቸዋለሁ» አሉና ለደጋው ብርድ ሻርፓቸውን አጥብቀው ለበሱ።